የሱባ ከሰዓት በኋላ፦ ወፍና የዱር እንስሳ እንዴት ይታያል?

ወፍ ስለማየት ምክር የሚሰጥ ሰው ሁሉ «ጎህ ሳይቀድ ተነሱ» ይላል። እውነቱን ነው። ወፍ በብዛት የሚንቀሳቀሰውና የሚዘምረው ሲነጋጋ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግን ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ይገባል። እሑድ ጠዋት ያስቀድሳል፣ ወይ እድር አለበት። ነፃ የሚሆነው ከምሳ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። አካሄዱን ካወቃችሁበት በመናገሻ ሱባ ደን ከሰዓት በኋላም ግሩም ጊዜ ነው።

አካሄዱ በአጭሩ ይህ ነው። እስከ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ጫካው ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ የሚታየው ሰማዩና የጫካው ዳር ነው። ከ10 ሰዓት ጀምሮ ወፉ ምግብ ፍለጋ ይነሳል፤ ያን ጊዜ አንድ ቦታ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ድኩላው ብቅ ይላል፣ ጋጋኖው ወደ ማደሪያው ይበራል። ብዙ ሰው በተገላቢጦሽ ያደርገዋል። በ8 ሰዓት ጫካ ገብቶ ሲዞር ይውላል፣ ይደክመዋል፤ ወፉ ሲነቃ እሱ መኪና ውስጥ ገብቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ለምን ሱባ?

በከተማው ዙሪያ ወፍ የሚታይበት ቦታ ሞልቷል። እንጦጦ አለ፣ የጉለሌ የእፅዋት ማዕከል አለ፣ የአቃቂ ረግረግ አለ። ለከሰዓት በኋላ ግን እኔ መናገሻ ሱባን አስቀድማለሁ። ጫካው ያለው ከከተማው በስተምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በወጨጫ ተራራ ደቡብ ምዕራባዊ ክንፍ ነው። ይህ አቀማመጥ ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው። ማታ ማታ ፀሐይ የምትመታው ይህንን ገጽ ነው። ከግርጌ ቆማችሁ ወደ ላይ ስትመለከቱ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ይመጣል፤ የወፉ ቀለም ጥርት ብሎ ይታያል። ፀሐይ ፊታችሁ ላይ ስትሆን ግን ወፍ ሁሉ ጥቁር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዛፉ ነው። ከባሕር ዛፍ ሌላ ዛፍ ሳያይ ላደገ የከተማ ልጅ፣ ሱባ ላይ ያለው የሐበሻ ጥድ ያስደነግጣል። ግንዱን ለማቀፍ አንድ ሰው የማይበቃው ብዙ ነው። ዝግባ አለ፣ ወይራ አለ፣ ከፍ ሲባል ኮሶና አስታ ይመጣል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እዚህ አስተከሉ ተብሎ ይተረካል። በአፍሪካ ጥበቃ ከተደረገላቸው ቀደምት ደኖች አንዱ ተብሎ የሚጠራውም ለዚህ ነው። ወፉም አውሬውም እስከ ዛሬ የተረፈው ዛፉ ስለተረፈ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ወሩን ምረጡ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዝናቡም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ ጥሩ ነው። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እንግዳ ወፎች ስለሚጨመሩ የሚታየው ዓይነት ይበዛል።

ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ይህን በፍጹም አትዝለሉ። ጫካውን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ነው፤ ስትገቡ የመግቢያ ይከፈላል። በሩ ላይ አስጎብኚ ጠይቁና ያዙ። መንገድ እንዳይጠፋባችሁ ብቻ አይደለም። የጉሬዛው መንጋ ጠዋት የት እንደነበረ፣ የትኛው ዛፍ ፍሬ እንደያዘ የሚያውቀው እዚያ የሚውለው ሰው ነው። ከአካባቢው ሽማግሌ ጋር ስትገናኙም ሰላምታውን በኦሮምኛ አድርጉት፤ ከሰዓት ላይ «አካም ኦልታን» ብሎ መጀመር ደስ ያሰኛል፤ ጨዋታውም ይከተላል።

ልብስን በተመለከተ፣ ነጭና ቀይ አትልበሱ። ቡናማ፣ አመድማ፣ የደበዘዘ አረንጓዴ ይሻላል። የሚንኮሻኮሽ ጃኬት ጫካ ውስጥ ከሩቅ ይሰማል፣ ስለዚህ ሹራብ ምረጡ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጣም ይበርዳል። ሽቶ አያስፈልግም፤ ድኩላ አፍንጫው ከዓይኑ ይበልጣል። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን። ውሃ፣ ዳቦ፣ ቆሎ ያዙ፣ ለቆሻሻው ደግሞ አንድ ፌስታል።

ባይኖኩላሩ

ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ የሁለት ዓይን መሣሪያ) የሌለው ሰው አይቅር። ጉሬዛ፣ ጋጋኖና ቁራ በባዶ ዓይን ይታያሉ። ካገኛችሁ ግን ሁሉ ነገር ይቀየራል። ከተጻፈበት ቁጥር «8 በ42» የሚለውን እመርጣለሁ። 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፣ 42ቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርበው የበለጠ ይመስላል፤ ነገር ግን የእጃችሁን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል። የመስታወቱ ስፋት ለእኛ ጉዳይ ነው፤ በ11 ሰዓት ጥላ ውስጥ ብርሃን የሚሰበስበው እሱ ነው። ዘመድ ከውጭ እንዲያመጣላችሁ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ፤ ኤርፖርት ላይ ሊያዝ ይችላል።

ማስተካከሉን ቤት ጨርሱት። መጀመሪያ ሁለቱን ቱቦ አጥፉና ዘርጉ፣ ሁለቱ ክብ አንድ ክብ እስኪሆን ድረስ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የዓይን ጎማውን ወደ ውስጥ መልሱት። ቀጥሎ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ በግራው ብቻ እያያችሁ የመሃሉን ጎማ አዙሩ፣ ጥርት እስኪል። አሁን ግራውን ጨፍኑ። በቀኙ በኩል ዓይን አጠገብ ያለችውን ቀለበት አዙሩ፣ ጥርት እስኪል። ከዚህ በኋላ ቀለበቷን አትንኳት፤ ጫካ ውስጥ የምታዞሩት የመሃሉን ብቻ ነው።

ጀማሪን የሚያበሳጨው ወፉን በባይኖኩላር መፈለግ ነው። በእሱ አይፈለግም። ወፉን በባዶ ዓይን ታዩታላችሁ፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ፊታችሁ ታነሳላችሁ። ሥጋ ቤት ሰማይ ላይ በሚያንዣብበው ጭልፊት ተለማመዱ። ሳምንት ሙሉ በነፃ የሚያለማምድ ነው።

ጉዞው፣ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት

ምሳ ቀደም አድርጋችሁ 6 ሰዓት ላይ ውጡ። ከአየር ጤና በዓለም ገና አድርጎ ወደ ሰበታ የሚወስደው የጅማ መንገድ ነው። ከሰበታ በኋላ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው ኮረኮንች ጫካው ድረስ ያደርሳል። ከፍ ያለ መኪና ይመረጣል። ዓለም ገና አካባቢ የከባድ መኪና ሰልፍ ስለማይታጣ ሰዓቱን አጥብቃችሁ አትቁጠሩ። ኮረኮንቹ ላይ ስትደርሱ መስኮቱን ክፈቱና ቀስ በሉ። የእርሻው ዳር፣ አጥሩና የእህሉ ክምር ወፍ አያጣም።

እስከ 9 ሰዓት ተኩል፦ ሰማይና ዳር

በዚህ ሰዓት ወደ ውስጥ አትሩጡ። ጫካው ከሜዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሰማይ የሚገለጥበት ምረጡ። ሙቀቱ ከተራራው ጎን አየር ስለሚያነሳ ትልልቆቹ አሞሮች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ከፍ የሚሉት አሁን ነው። ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ አጭርና ቀላ ያለ፣ ክንፉ ሰፊ የሆነው ኦጉር ባዛርድ የሚባለው አዳኝ ነው። አይጥ ስለሚበላ ለገበሬው ወዳጅ ነው። ዕድለኛ ከሆናችሁ አጥንት ከከፍታ ድንጋይ ላይ ጥሎ ሰባብሮ የሚበላውን ትልቁን አሞራ ታያላችሁ፤ ጅራቱ መጨረሻው ላይ ሾል ይላል።

ቁራውን አትናቁት። ምንቃሩ ከመጠን በላይ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት የእኛው ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የለም። ከሩቅ አገር ተነስቶ፣ ብዙ ብር ከፍሎ እሱን ለማየት የሚመጣ ሰው አለ። እኛ በየቀኑ ሳናየው እናልፋለን።

ይህን ጊዜ ወፍ መለየት ለመለማመድ ተጠቀሙበት። ቀለም በመጨረሻ ነው የሚመጣው፤ ብርሃን ያታልላል። መጀመሪያ መጠኑን ከምታውቁት ጋር አስተያዩ፦ ከድንቢጥ ይበልጣል? ከእርግብስ? ከቁራስ? ቀጥሎ ምንቃሩን እዩ። ቀጭንና ቆልማማ ከሆነ የአበባ ማር ይመጥጣል፣ አጭርና ወፍራም ከሆነ ፍሬ ይሰብራል፣ ቆልመም ብሎ ስለታም ከሆነ ሥጋ በሊታ ነው። ከዚያ ምን እያደረገ እንደሆነ እዩ። ግንድ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ግንደ ቆርቁር ነው። እዚህ ሁሉ ላይ ቀለም ሲጨመር መልሱ ይመጣል።

ከአንድ በላይ ከሆናችሁ አቅጣጫ መነጋገሪያ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ዛፉን የሰዓት ገጽ አድርጋችሁ ጫፉን 12፣ ግርጌውን 6 በሉት። በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን ሰዓቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር መሆኑን ካልተነጋገራችሁ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ ሲያይ ወፉ ይሄዳል። በጣት አትጠቁሙ፤ የተወረወረ እጅ ከድምፅ የበለጠ ያስበረግጋል።

ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11፦ ተቀምጦ መጠበቅ

አሁን ግቡ። አስጎብኚውን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ውሃ ያለበት የት ነው? ፍሬ የያዘ ጥድ ወይም ወይራ የት አለ? ከሁለቱ አንዱ አጠገብ፣ ጀርባችሁን ለግንድ ሰጥታችሁ ተቀመጡ። ስልኩን ድምፅ አልባ አድርጉ። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትነሱ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ባዶ ናቸው፤ ስትገቡ ያበረገጋችሁት ሁሉ ተደብቆ እያያችሁ ነው። ዝም ካላችሁ ይለምዳችኋል። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

በጆሮ ጀምሩ። ሻካራ፣ ከጉሮሮ የሚወጣ ተከታታይ ጩኸት ከዛፉ ጫፍ ከሰማችሁ ቱራኮ ነው። ጉንጩ ላይ ነጭ ያለበት፣ አረንጓዴ፣ ጅራተ ረጅም ወፍ ነው። ቅርንጫፍ ላይ እንደ አይጥ ይሮጣል እንጂ ብዙ አይበርም፤ ለዚህ ነው የሚያመልጠው። ሲበር ግን ክንፉ ተገልጦ ደማቅ ቀይ ይታያል። ያ ቀይ ከሌሎች ወፎች ቀለም ይለያል፤ መዳብ ያለበት ቀለም ነው፤ በቱራኮዎች ዘንድ ብቻ ይገኛል። ስለዚህ ሲቀመጥ ብቻ አይታችሁ አትርኩ። ሲነሳ ጠብቁት።

ጥቅጥቅ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ጥርት ያለ፣ ሁለት ሆነው የሚቀባበሉት ዜማ ከሰማችሁ ደግሞ አቢሲኒያን ካትበርድ የሚባለው ነው። መልኩ ግራጫ ነው፣ ከጅራቱ ሥር ቀላ ይላል። በመልኩ ብዙም አይስብም። ድምፁ ግን፣ በእኔ ፍርድ፣ ከደጋ ወፎቻችን ሁሉ የሚበልጥ ነው። በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ መሆኑን ስታውቁ ደግሞ ጆሯችሁ ሌላ ይሆናል። አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፤ ሱባ ላይ የምታገኟቸው ደግሞ በብዛት የደጋው ልዩ የሆኑት ናቸው።

በፍጥነት እየጮኹ፣ ቡድን ሆነው የሚያልፉ አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖችን ተከታተሉ። ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ሁለመናዋ አረንጓዴ ናት። አበባ ያለበት ቁጥቋጦ ላይ ደግሞ በወንዛችን በተከዜ ስም የተሰየመውን የአበባ ማር መጣጭ ፈልጉ። ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል። ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊ ያብለጨልጫል።

ድምፅ በስልክ ከፍቶ ወፍ መጥራት አለ፤ አታድርጉት። ወፉ ባላጋራ ግዛቴን ገባብኝ ብሎ ይመጣል፣ መብላትና ጫጩት መመገብ ሲገባው ሲሟገት ይውላል። ጎጆ ካያችሁም ለፎቶ አትጠጉ። እናቲቱ ከሸሸች ቁራው ጎጆውን ከላይ እያየው ነው።

ጉሬዛ

ጉሬዛን ለማግኘት ወደ ላይ አትፈልጉ፤ መጀመሪያ መሬት እዩ። የተቀነጠሰ ቅጠል ወድቆ ከሆነ፣ ነፋስ ሳይኖር ቅርንጫፍ ከተወዛወዘ፣ ከላይ አሉ። ከዚያ ተንጠልጥሎ የሚታየውን ነጭ ጅራት ፈልጉ። ቅጠል በሊታ ስለሆነ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ያዋህዳል፤ ሆዱ ለዚህ የተከፋፈለ ነው። የማይንቀሳቀሰው ታሞ ወይም ፈርቶ አይደለም። እጁን በባይኖኩላር ካያችሁት አውራ ጣት የለውም። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ እናቱ ደረት ላይ ነጭ ኳስ ካያችሁ እሱ ነው።

በቀጥታ ከሥራቸው አትቁሙ፤ ከላይ የሚወርደው ቅጠል ብቻ አይደለም። ዳቦ አትስጡ። ለጉሬዛም፣ ለጦጣም፣ ለዝንጀሮም። ከሰው እጅ የለመደ ዝንጀሮ ነገ የገበሬውን ማሳ ይወርራል፣ ገበሬውም ይገድለዋል።

ከ11 ሰዓት በኋላ፦ ድኩላና ጋጋኖ

ወደ ጫካው ዳር ተመለሱ። ሣር ያለበት ገላጣ ቦታ ፈልጉና ነፋሱ ከሣሩ ወደ እናንተ በሚመጣበት በኩል ቁሙ። ትንሽ አፈር በትናችሁ አቅጣጫውን እወቁ። የሚጠበቀው የምኒልክ ድኩላ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ የድኩላ ዝርያ። ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላል፣ ጠጉሩ ረጅም ነው፣ ብቻውን ይሄዳል። አንገቱን ሣር ላይ ሲደፋ ብቻ ተንቀሳቀሱ። ቀና ሲል ቀጥ በሉ። የውሻ ጩኸት የሚመስል ድምፅ ካሰማ አውቆባችኋል። ያን ጊዜም ተስፋ አትቁረጡ፤ ካልተንቀሳቀሳችሁ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ሚዳቋና ከርከሮም በዚሁ ሰዓት ይወጣሉ። ነብር ጫካው ውስጥ አለ፤ አያለሁ ብላችሁ ግን አትምጡ።

ሰማዩ ሲደበዝዝ «ጋ ጋ ጋ» እያለ የሚያልፈውን ጋጋኖ ትሰማላችሁ። ምንቃሩ ወደ ታች የታጠፈ ነው፣ ጉሮሮው ላይ ትንሽ ሥጋ ይንጠለጠላል። ሠፈራችን ውስጥ ሣር ላይ ሲለቅም ያየነው ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይገኝም። ቡድኑን ቁጠሩ፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ለእሱ ስጡት፣ ደስ ይለዋል።

ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ሐምሌ ላይ 12 ሰዓት ተኩልን አልፋ ትሄዳለች። በሁሉም ወር ኮረኮንቹን በብርሃን ጨርሱት። ጅብ ስላለ ብቻ አይደለም፤ ከብት ወደ ቤት የሚነዳበት ሰዓት ነው።

መኪና ውስጥ ሳላችሁ ጻፉ፤ ቤት ሲደረስ ይረሳል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አየሩ፣ ምን እንደታየ፣ ስንት እንደሆነ፣ የት ዛፍ ላይ እንደሆነ። ያልለያችሁትን በግምት አትሰይሙ፤ «ያልታወቀ፣ ከእርግብ ያነሰ፣ ምንቃሩ ቀይ» ብላችሁ ተዉት። ስልክ ላይ ኢበርድ የሚባለው መተግበሪያ ዝርዝሩን ይቀበላል፣ ሌሎች አጥኚዎችም ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ወፍ ለሚወድ ሰው የሚጠየቅበት ቤት ነው።

ሰዓት ካጠረባችሁ

እስከ 8 ሰዓት ካልወጣችሁ ሱባን ለሌላ ቀን አቆዩና በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፋችሁ ወደ ገፈርሳ የውሃ ግድብ ሂዱ። ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚፈለገው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ነው። ሣር ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይግጣል፣ አንገቱን ወደ ጀርባው አጥፎ ይሄዳል፣ ሰማያዊው የሚታየው ሲበር ነው። በውሃው ዳር ቡናማ፣ ጅራቷን ሽቅብ እያነሳች የምትነቀንቅ ወፍ ካያችሁ የሩዤ ሬል የምትባለው ናት፤ ሰው ብዙም አትፈራም። በበጋ ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎችም ይጨመራሉ። ቦታው የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ጥበቃ አለው። መጀመሪያ ዘበኛውን ሰላም በሉ፣ ባይኖኩላሩን አሳዩት፣ ወፍ ለማየት መሆኑን ንገሩት። ግድቡን ፎቶ አታንሱ፣ ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ። ከተከለከላችሁ ከአስፋልቱ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ሆናችሁም ዝዩን ማየት ይቻላል።